ደብረ ብርሃን ሞተር ላላችሁ ሁሉ፦ የጠባሴውን አባት ሳላመሰግን አላድርም

ዛሬ ጠዋት ሞተሬ በአንድ እርግጫ ተነሳች። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ በአንድ እርግጫ! ከሦስት ሳምንት በፊት እስክትሠራልኝ ድረስ ለአራት ወር ያላየሁት ነገር ነው። ኮርቻዋ ላይ እንደተቀመጥኩ እንባዬ መጣ። ለዚህ ያበቁኝን፣ ጠባሴ ሰፈር ሞተር የሚሠሩትን አባት በአደባባይ ላመስግናቸው ብዬ ነው የምጽፈው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ከቀበሌ ቀበሌ መዞር ነው። ሞተሯን የገዛኋት ሸዋሮቢት ስሠራ፣ እቁብ ወጥቶልኝ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቆላ ለቆላ ስትሮጥ አንድ ቀን አላስቸገረችኝም። ዝውውር ደርሶኝ ወደ ደብረ ብርሃን ስመጣ ግን የጣርማ በርን ዳገት ስንወጣ ጀምሮ ትንፋሽ አጠራት። እዚህ ከገባን በኋላማ ሌላ ሞተር ሆነች። ከማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ነዳጅ ስሰጣት ትንታ እንደያዘው ሰው ትንተፋተፋለች። ልብሴ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ስለሚል ባለቤቴ ጃኬቴን ውጭ አውልቄ እንድገባ ትለምነኝ ጀመር።

ቤንዚኑንስ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ማደያ ላይ ግማሽ ቀን ተሰልፌ የሞላሁት ሦስት ቀን አይቆይም። ሲያልቅ በሃይላንድ የሚሸጠውን በእጥፍ እገዛለሁ። ደመወዜ ጭስ ሆኖ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሦስት ቦታ ወስጃታለሁ። ስማቸውን አልጠራም፣ ቦታቸውንም አልናገርም። ሁሉም እንጀራቸውን የሚያበስሉበት ነው። ግን ያቃጠለኝን ልናገር። አንደኛው ካንዴላ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ዕቃ፣ ቀየረ። ሳምንት ሳይሞላ ያው ሆነች። እንደገና ቀየረ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ደግሞ ካንዴላው ፎርጅድ ነው አለኝ፤ የሸጠልኝ ራሱ ነው። ሁለተኛው ገና ሳያስነሳት «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሳለች፣ ሞተር ይፈታ» አለ። ተፈታ። የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው የሰጠሁት። ጭሱ አልቀረም። «ይለምዳል» አለኝ። ሦስተኛው የባሰ ነው። ጉልበት ያነሳት ቤንዚን አንሷት ነው ብሎ ጭራሽ ቤንዚን ጨመረላት! ከዚያ ወዲያ ቆማ መነሳት እምቢ አለች። መልሼ ስወስዳት ከስልኩ ቀና ሳይል «አርጅታለች፣ ሽጣት» ብሎ ሸኘኝ።

ገንዘቡ ይሁን። የማይረሳኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ላም ምጥ ላይ ናት ተብሎ ተደወለልኝ። ከነመሣሪያዬ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሯ ጠፋች። ረገጥኩ፣ ረገጥኩ፣ ካንዴላውን ፈትቼ ጠረግኩ። በቤንዚን ርሷል። ሞተሯን ከአንድ አጥር ሥር ጥዬ በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ ላሟን አተረፍን፣ ጥጃው ግን ሞቶ ነበር። ባለቤቲቱ እናት አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። «ደክሞሃል» ብለው አሬራ ሰጡኝ። ጣሳውን ይዤ መጠጣት አቃተኝ።

በማግስቱ ያየኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው ወደ ጠባሴው አባት የመራኝ። እግዜር ይስጠው። ቤታቸው ታፔላ የላትም። በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ሥራ ቤት ናት። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ምን እንደቀየርኩ አልጠየቁኝም። ሞተሯን ዞር ብለው አዩና «ልጄ፣ ይቺ ከየት ነው የመጣችው?» አሉኝ። አራት ወር ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ከሸዋሮቢት አልኳቸው።

«ቆለኛ ናታ! ደጋ አምጥተህ የቆላ ቀለብ ነዋ የምትሰጣት!»

እኔ የሞተር ነገር አይገባኝም። እሳቸው ግን እንደ ልጅ አስረዱኝ። ሸዋሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ትደርሳለች። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም፤ ቆላ የለካውን ቤንዚን እዚህም ይለካል። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ሲበዛ አይነድም፣ ጥላሸት ይሆናል። እኔም እኮ ደብረ ብርሃን የገባሁ ሰሞን ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታ ነበር። ሞተሬም እንደዚያ መሆኗን ማን አሰበ?

ካንዴላውን ፈትተው በነጭ ጨርቅ ጠረጉት። ጨርቁ ከሰል መሰለ። ከዚያ ከራሳቸው ሞተር ካንዴላ ፈትተው አጠገቡ አስቀመጡልኝ። የእሳቸው ጫፉ የገል ቀለም ነበረው። «ወደዚህ ነው የምናመጣት» አሉ። ሌላ የሚፈታ የለም፣ ሞተሯ ደህና ናት አሉኝ። ያን ስሰማ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

ካርቡሬተሩን አወረዱ። ከውስጡ የሩዝ ፍሬ የምታክል የነሐስ ነገር አወጡ። መሃሏ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ አላት። ወደ በሩ ብርሃን አንስተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩዋት። «ይቺን ማን ነው የቀየራት? ቀዳዳዋ ሰፊ ነው» አሉ። ያ ሦስተኛው ጋራዥ ነበር። ከቆርቆሮ ሣጥናቸው ጠበብ ያለች ፈልገው ተኩ። መልሰው ገጠሙና ሞተሯን አስነስተው እስክትሞቅ ጠበቁ። ከዚያ ካቻቢቴያቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። አብሯቸው የሚሠራው ልጅ ብረት ይቀጠቅጥ ነበር፤ እጃቸውን አነሱና ዝም አለ። ሩብ ዙር ያዞራሉ፣ ይሰማሉ። ደግሞ ትንሽ ይመልሳሉ፣ ይሰማሉ። ዓይናቸው ተጨፍኗል። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ድንገት ያ መንተፋተፍ ቆመና ድምጿ ጥርት አለ። የሸዋሮቢቷ ሞተሬ ድምፅ ነው! ዳገት ወጥቼ እንድመለስ ላኩኝ። ስመለስ ካንዴላውን ፈትተው አሳዩኝ። መቅላት ጀምሯል።

እኔን የገዛኝ ግን ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነው። ቆላ ለቆላ ስሄድባት የኖርኩትን ልክ የምታህል ቁራጭ ነሐስ ከሣጥናቸው ፈልገው አወጡ። በፌስታል ቁራጭ ጠቅልለው፣ በክር አስረው፣ እጄ ላይ አስቀመጡና መዳፌን ራሳቸው ዘጉት። «ወደ ቆላ የተመለስክ እንደሆነ ይቺን አስገባላት። በዚህችኛዋ ቆላ ብትነዳት ቤንዚን ያንሳትና ትግላለች፣ ፒስተኗን ትበላብሃለች» አሉኝ። እኔ ነገ የት እንደምሠራ አስበው! ከሄድኩ ተመልሼ ደንበኛ እንደማልሆናቸው እያወቁ! የጠየቁኝ ገንዘብ ሌላ ቦታ ለአንድ ካንዴላ ከከፈልኩት ያነሰ ነው። ልጨምርላቸው ብል «ለላሞቹ ድረስላቸው» ብለው መለሱልኝ። የጥጃውን ነገር ነግሬያቸው ነበር።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናት። ጭስ የለም፣ ሽታ የለም። የሞላሁት ቤንዚን ሳምንት ያልፋል። ባለፈው ማክሰኞ ለሌላ ምጥ ተጠርቼ በሰዓቱ ደረስኩ። ጥጃዋ ጥቁር ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፣ ቆማ ጠብታለች።

ወገኖቼ፣ በተለይ ከቆላ ሞተር ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ጥቁር ጭስ ካያችሁ ሞተር ይፈታ ያላችሁን አትስሙ። እባካችሁ መጀመሪያ ጋሼ ዘንድ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ጋሼ ዘንድ ሂዱ። ጠባሴ ደርሳችሁ የባጃጅ ሹፌሮችን «ሞተር የሚሠሩት አባት» ብትሏቸው ያደርሷችኋል። በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ወረፋ ይበዛል። እሑድ አይሠሩም። ቦታው የጠፋበት በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ራሴ እወስደዋለሁ።