የማታ ሌንስ በቀን ፎቶ እየሸጡላችሁ ነው፣ እንዳትሸወዱ

ወገን ይሄን ነገር ዝም ብዬ ላልፈው ነበር፣ ግን ሰሞኑን «ፕራይም ሌንስ (ዙም የማያደርገውን ማለት ነው) ልገዛ ነው እስቲ እየው» የሚለኝ ሰው በዛ፣ የሚልኩልኝ ማስታወቂያ ደግሞ ሁሉም አንድ አይነት ነው። ያገለገለ 50 ሚሊ ሜትር፣ 1.8 ወይ 1.4 (ይሄ ቁጥር የሌንሱ ቀዳዳ እስከምን እንደሚከፈት ነው የሚናገረው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ «በጣም ንጹህ፣ ለጨለማ ምርጥ» ይላል፣ ከስሩ ናሙና ፎቶ ተደርድሯል። ፎቶዎቹን ስታዩዋቸው ግን በሙሉ ጠራራ ፀሐይ ላይ የተነሱ ናቸው። ለጨለማ ነው የምሸጠው ካልክ የማታ ፎቶህ የታለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከካሜራ ጋር የሚመጣው ኪት ሌንስ ዙም ሲደረግ ብዙውን ጊዜ 5.6 ላይ ነው የሚቀረው፣ 1.8 ከሱ ጋር ሲነጻጸር 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፣ ማለትም አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400 ይጠይቅ የነበረ ፎቶ 640 አካባቢ ይነሳል ማለት ነው። ግን ይሄን የምታገኙት ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ብቻ ነው። ሻጩ ናሙናውን 8 ላይ ዘግቶ ያነሳዋል፣ 8 ላይ ደግሞ የታመመ ሌንስም ቢሆን ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ የምትከፍሉበት ነገር አንድም ፎቶ ላይ አልታየም ማለት ነው።

ውስጡ ጭጋግ ያለበት ሌንስ ዋናው መዘዝ ነው። ቀን ላይ ምንም አይታወቅም፣ ማታ መብራት ወደ ሌንሱ ሲመጣ ግን ፎቶው በሙሉ ነጭ ነጭ ይላል፣ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ አምፖሉ ዙሪያ ነጭ ጉም ይሰራል። እና ሰው ካሜራውን ነው የሚጠረጥረው! ስልካችሁን አውጡ፣ የሌንሱን ሁለቱንም ክዳን አንሱ፣ ባትሪውን ከኋላ በኩል ሰያፍ አብሩበትና ከፊት እዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጫጭን ክር ካያችሁ ፈንገስ ነው፣ መስታወቱ እንዳለ ደብዘዝ ካለ ጭጋጉ ነው። ትንሽ ትንሽ አቧራ ግን አያስጨንቃችሁ፣ እሱ ፎቶ ላይ አይወጣም፣ በአቧራ ምክንያት ጥሩ ሌንስ ትቶ የሄደ ሰው አውቃለሁ።

ፎከስም አለ። ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) ካሜራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ተከፍቶ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ አፍንጫው ጥርት ብሎ አይኑ ሊደበዝዝ ይችላል። ዲኤስኤልአር (ውስጡ የሚያንጸባርቅ መስታወት ያለው ካሜራ) ከሆነ የያዛችሁት መጀመሪያ በቪውፋይንደሩ (በአይን በምታዩበት ቀዳዳ) ቀጥሎ በላይቭ ቪው (ስክሪኑን እያያችሁ) አንድ አይነት ነገር አንሱ። ላይቭ ቪው ላይ ጥርት ብሎ በቪውፋይንደሩ ከደበዘዘ ሌንሱና ካሜራው አልተጣጣሙም፣ ይሄንን ካሜራው ሜኑ ላይ ማስተካከል የሚቻለው ከፍ ባሉት ካሜራዎች ነው፣ ርካሾቹ አብዛኞቹ ይሄ የላቸውም። የፎቶው አንዱ ጎን ብቻ ደብዝዞ ሌላው ጎን ደህና ከሆነ ግን ሌንሱ የወደቀ ሊሆን ይችላልና ባትነኩት ይሻላል፣ ሻጩ ምንም ቢምል።

ማውንት፣ ማለትም ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጥምበት ቦታ ላይም የሚሸወድ አለ። ኒኮን የያዛችሁ፣ እንደ ዲ3500 እና ዲ5600 ያሉት ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም፣ አሮጌውን 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ዲ ስትገጥሙበት አውቶፎከስ አይሰራም፣ በእጅ ነው የምታዞሩት፣ በጨለማ ደግሞ በእጅ ማዞር ራሱን የቻለ ስቃይ ነው። «ኒኮን ላይ ይገጥማል» ብሎ የሸጠላችሁ ሰው አልዋሸም፣ ይገጥማልኮ። የካኖን አሮጌውን ኤፍዲ ሌንስ ኢኤፍ (ከሱ በኋላ የመጣው ማውንት) ዲኤስኤልአር ላይ እንዲገጥም በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) የሚሸጡም አሉ፣ መስታወት የሌለው ባዶ አዳፕተር ከሆነ ሩቅ ያለ ነገር ላይ ፎከስ አያደርግም፣ መስታወት ያለው አዳፕተር ከሆነ ደግሞ ጥራቱንም ብርሃኑንም ይቀንሳል፣ ታዲያ ፈጣን (ብዙ ብርሃን የሚያስገባ) ሌንስ ምን ሊረባችሁ ገዛችሁት? ሚረርለስ (የሚያንጸባርቀው መስታወት የሌለው ካሜራ) ላይ ከሆነ ግን ችግር የለውም። ካኖን 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ኤስቲኤም ነው ብለው የበፊቱን የሚሸጡትን ደግሞ ከፊት በሚታሰረው ፊልተር መጠን ትለዩታላችሁ፣ ኤስቲኤሙ 49 ሚሊ ሜትር ነው አሮጌው 52፣ የአሮጌው ማውንትም ፕላስቲክ ነው።

በጣም የሚያስቀኝ ግን «1.2 ነው» እየተባለ የሚለጠፈው ነገር ነው። ቁጥሩን ለማመን ማስመሪያ ይበቃል። የሌንሱን ሚሊ ሜትር ለዛ ቁጥር አካፍሉት፣ 50 ለ1.2 ሲካፈል ወደ 42 ይመጣል፣ የፊት መስታወቱ ቢያንስ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ከሌለው 1.2 ሊሆን አይችልም፣ አለቀ። መስታወቱ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ግን ፈጣን ነው ማለት አይደለም፣ ይሄ ውሸቱን ለመያዝ እንጂ እውነቱን ለማረጋገጥ አይሆንም።

1.4 ወይስ 1.8 ለምትሉኝ፣ ልዩነቱ አንድ ስቶፕ (ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ማለት ነው) እንኳ አይሞላም፣ ሁለት ሶስተኛ ገደማ ነው። ጤነኛ 1.8 ጭጋግ ካለበት 1.4 በብዙ ይሻላል፣ እኔ በበኩሌ ዋጋቸው እኩል ቢሆን እንኳ 1.8ቱን ነው የምወስደው። አሮጌ ሌንሶች ላይ ደግሞ መስታወቱ ቢጫ ያለ ካጋጠማችሁ አትደንግጡ፣ አንዳንዶቹ ድሮ ቶሪየም የሚባል ነገር ተቀላቅሎባቸው የተሰሩ ናቸው፣ በጊዜ ብዛት ይቢጫሉ፣ ፀሐይ ላይ ብዙ ቀን ሲቀመጡ ይቀንሳል። ግን እስኪቀንስ ድረስ ብርሃን ይበላልና ዋጋው ላይ ተከራከሩበት።

ሻጩን የምትጠይቁት እንግዲህ ይሄ ነው፣ ማታ የተነሳ፣ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የተነሳ፣ ፍሬሙ ውስጥ መብራት ያለበት፣ ያልተቆረጠ ያልተነካካ ኦሪጅናል ፋይል። በቴሌግራም ሲልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፣ አለበለዚያ ይጨመቅና የተነሳበት መረጃም ይጠፋል። በአካል የምትገናኙ ከሆነ የራሳችሁን ካሜራና ሚሞሪ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከመሸ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። «ቀብድ ቅድሚያ ላክና ፎቶውን እልክልሃለሁ» ካላችሁ ስልኩን ዝጉት።