ቶስትማስተርስ፦ ለመድረክ ፍርሃት ፍቱን፣ ለንግግር ጽሑፍ ጎዶሎ

በሕዝብ ፊት መናገር የሚያስጨንቀው ሰው ምክር ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ቶስትማስተርስ ግባ» የሚል ነው። ራልፍ ስሜድሊ እ.ኤ.አ. በ1924 በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ አና ከተማ የመሠረቱት ይህ፣ አባላቱ በሕዝብ ፊት መናገርን የሚለማመዱበት ማኅበር ዛሬ በብዙ አገሮች ክለቦች አሉት፤ አዲስ አበባ ውስጥም የሚሰበሰቡ አሉ። እኔ ልመዝነው የፈለግሁት ሥልጠናው ተናጋሪውን ከአድማጩ ጋር ምን ያህል እንደሚያገናኘው ነው።

በክለቡ ውስጥ ደመወዝ የሚከፈለው አሠልጣኝ የለም። አባላቱ በየተራ ይናገራሉ፣ በየተራ መድረክ ይመራሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይገማገማሉ። አዲስ አባል የመጀመሪያ ንግግሩን ስለ ራሱ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ያቀርባል፤ ቀጥለው የሚመጡት በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ የሚፈጁ ናቸው። ሰዓት ጠባቂው 5ኛው ደቂቃ ላይ አረንጓዴ፣ 6ኛው ላይ ቢጫ፣ 7ኛው ላይ ቀይ ምልክት ያሳያል። ንግግርን የሚያጓትቱ እንደ «እንትን» ያሉ ቃላትን የሚቆጥር ሌላ አባልም ይመደባል። ርእሱን እዚያው ሰምቶ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ መናገርን የሚጠይቅ ቴብል ቶፒክስ የተሰኘ ክፍልም አለ። በልሃ ልበልሃ እየተባባለ ሲሟገት ለኖረ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን ባይገባውም፣ ብዙዎችን ላብ በላብ የሚያደርገው ይኸው ክፍል ነው።

ከሁሉም የላቀ ዋጋ ያለው ግምገማው ነው። ለእያንዳንዱ ንግግር አንድ ገምጋሚ አስቀድሞ ይመደብለትና ያየውን በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ውስጥ በሁሉም ፊት ይናገራል። በእኛ ልማድ ከመድረክ የወረደ ሰው «ጥሩ ነበር» ተብሎ ይጨበጣል፤ ንግግሩ ማሰልቸቱ የሚነገረው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። እዚህ ግን አድማጩ በየትኛው ነጥብ ላይ እንደነቃና የቱ ጋ ልቡ እንደሸፈተ ለተናጋሪው ፊት ለፊት ይነገረዋል፤ ይህንንም መስማት የሁሉም አባል ዕጣ ስለሆነ ቅሬታ አያስከትልም። የሰዓቱ ገደብም እንዲሁ የሚመሰገን ነው። የእንግዶችን ማዕረግ በመዘርዘር ብቻ ረጅም ጊዜ የሚያልቅባቸውን ስብሰባዎቻችንን ለሚያውቅ ሰው፣ ከቀዩ ምልክት በፊት ዋናውን ሐሳብ የማድረስ ግዴታ ትልቅ ትምህርት ነው።

ጉድለቱ ያለው የንግግሩ ጽሑፍ ላይ ነው። የማኅበሩ ሥርዓተ ትምህርት ስለ ንግግር አወቃቀር የሚያነሳቸው ነገሮች ቢኖሩትም፣ በስብሰባው ላይ ጎልቶ የሚታየው የድምፅ፣ የእጅና የዓይን አጠቃቀም ነው። ከዚህም በላይ አድማጩ ሁልጊዜ ያው የክለቡ አባል ነው፤ ሊያጨበጭብ የመጣ፣ ለተናጋሪው የሚያዝንና መልካሙን የሚመኝለት ነው። ለተከፋፈለ የእድር ጉባኤ ወይም ሥራው እንዳይታጠፍ ለሚሰጋ ሠራተኛ የሚናገር ሰው እንዲህ ያለ ታዳሚ አይገጥመውም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ በሚገኘው የመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ የገጠማቸው የጣሊያን ጋዜጠኞች ፉጨት ነበር። ፉጨቱ ጸጥ ሲል በአማርኛ ባሰሙት ንግግር ማንነታቸውን ተናግረው፣ የመጡት ለሕዝባቸው የሚገባውን ፍትሕ ለመጠየቅ መሆኑን በመግቢያው ላይ አስታወቁ። ወዲያውም ከስምንት ወራት በፊት ሃምሳ መንግሥታት የገቡትን የእርዳታ ቃል ጠቀሱ። አብዛኛው ታዳሚ ቋንቋውን ባያውቅም የንግግሩ መሠረት ራሱ የሰጠው ቃል ስለነበር ጉዳዩን የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም ነበር። እንዲህ ያለው ጥንካሬ አስቀድሞ ወረቀት ላይ የሚሠራ ነው፤ የክለቡ የግምገማ ቅጽ ደግሞ ለዚህ የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ነው።

ሌላው ጉዳይ ቋንቋ ነው። ደንቡ ክለቦች በማንኛውም ቋንቋ እንዲሰበሰቡ ቢፈቅድም፣ ፓዝዌይስ የተባለው ሥርዓተ ትምህርት በአማርኛ አልተዘጋጀም። በእንግሊዝኛ የተለማመደ ሰው ድፍረቱን ይዞ ወደ አማርኛ መሻገር ይችላል፤ የዐረፍተ ነገሩን ልክ ግን እንደገና መማር አለበት። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ለንባብ የሚያምር ረጅም ዐረፍተ ነገር በጆሮ ሲሰማ አድማጩ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ብዙ ያስጠብቀዋል። ይህን የሚያስተካክል ገምጋሚ የሚገኘው በአማርኛ በሚሰበሰብ ቡድን ውስጥ ብቻ ነው።

የዓለም አቀፉ ማኅበር መዋጮ በስድስት ወር 60 ዶላር ሲሆን፣ አዲስ አባል በተጨማሪ 20 ዶላር የመመዝገቢያ ይከፍላል። በብር ለሚኖር ሰው ቀላል ወጪ አይደለም፤ መድረክ ላይ ሲቆም ድምፁ ለሚጠፋበት ሰው ግን ከአጫጭር የአዳራሽ ሥልጠናዎች ይልቅ ይህን እመርጥለታለሁ፤ ምክንያቱም ፍርሃትን የሚያለዝበው ድግግሞሽ ነውና። ፍርሃት ሳይኖርበት ንግግር መጻፍ የሚቸግረው ሰው ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል፤ ጽሑፉን ለታለመለት አድማጭ ቅርብ ለሆነ ሰው ጮክ ብሎ አንብቦ አስተያየቱን ቢቀበል የበለጠ ይጠቀማል።

ለመመዝገብ ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ በእንግድነት ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ለእንግዳ ክፍያ የለም። በዚያ ቀን ከተናጋሪዎቹ ይልቅ ገምጋሚዎቹን ያድምጥ፤ ከውዳሴ በቀር ምንም የማይሰማ ከሆነ ሌላ ክለብ ይፈልግ።