ዲዲኤስ ወይስ ኤምኪውቲቲ? ለደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ የሚሰራ ጓደኛዬ ሁሉ የሚልክልኝ ጥያቄ አንድ ሆኗል፣ ማሽኖቹ ዳታ እንዲቀባበሉ ዲዲኤስ (ያለ መሀል ሰርቨር እርስ በርስ በቀጥታ የሚነጋገሩበትን) ላስገባ ወይስ ኤምኪውቲቲ (ሁሉም ብሮከር በሚባል መሀል ባለ ሰርቨር በኩል የሚላላክበትን)? ዱቄት ፋብሪካ፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ወተት ማቀዝቀዣ ከሆነ ኤምኪውቲቲ አስገቡና ተገላገሉ። ዲዲኤስ መጥፎ ነው አላልኩም፣ ለዚህ ስራ ግን ትርፍ ወጪ ነው።

ሶፍትዌሩማ ሁለቱም ጋ በነፃ አለ። ሞስኪቶ የሚባለው የኤምኪውቲቲ ብሮከር ዜሮ ብር፣ ሳይክሎን ዲዲኤስም ፋስት ዲዲኤስም ዜሮ ብር። እንደ ኮኔክስት ያለው ፈቃድ የሚገዛለት ዲዲኤስ በዶላር ነው፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፣ እሱን እንለፈው። ብሩ የሚወጣው ሶፍትዌሩ በሚጫንበት ዕቃ ላይ ነው። ኤምኪውቲቲ በፈረንጆች 1999 የተሰራው ለነዳጅ ቧንቧ ነው፣ በሳተላይት፣ ባይት በተቆጠረ ቁጥር በሚከፈልበት መስመር፣ ስለዚህ ኢኤስፒ32 በምትባል ርካሽ ትንሽ ቦርድ ላይ ሳይከብዳት ይሄዳል። ሙሉው ዲዲኤስ በተግባር በየማሽኑ ሊኑክስ የሚጭን ቦርድ ያስገዛችኋል። ለትንንሽ ቦርዶች የወጣው ቀለል ያለው አይነት ደግሞ መሀል ላይ ኤጀንት የሚባል ፕሮግራም ካልተነሳለት አይሰራም፣ ታዲያ ‹‹ሰርቨር የለውም፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል›› ተብሎ የተሸጠላችሁ ነገር የት ገባ?

ሻጩ ዲዲኤስ ዴድላይን (የዳታ መድረሻ ጊዜ ገደብ) አለው ይላችኋል። አዎ አለው፣ 100 ሚሊሰከንድ ብላችሁ ብትሞሉለት ዳታው ሲዘገይ ዘገየ ብሎ ይነግራችኋል፣ ጎትቶ ግን አያመጣላችሁም። የቦይለር ግፊትና ኢመርጀንሲ ስቶፕ ፒኤልሲው (የማሽኑ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) እና ሽቦው ላይ ይቅር፣ በሁለቱም አትላኩት።

ዲዲኤስ የሚያስመርረኝ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው። ሁሉም ባንዴ ተነስቶ በመልቲካስት (አንዱ ልኮ ብዙዎች በሚቀበሉት መልዕክት) ይፈላለጋል፣ ርካሽ ስዊች ያንን በየፖርቱ ይበትነዋል፣ ዋይፋይ ላይ ደግሞ በዝቅተኛው ፍጥነት ነው የሚሄደው፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ቦርድ ሌላውን ሳያየው ይቀራል፣ ፒንግ ታደርጋላችሁ ይመልሳል፣ ዳታ ግን የለም። አይፒዎቹን አንድ በአንድ በእጅ መፃፍ ወይ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ያለው፣ መልቲካስቱን ለሚፈልገው ፖርት ብቻ የሚልክ ስዊች መግዛት ነው፣ ስዊቹ ደግሞ ከተራው ይወደዳል። ይሄን ሌሊት በዛ ብርድ ቆማችሁ ፈልጉት እስቲ።

ሞስኪቶም ጣጣ አያጣም። ከ2.0 ወዲህ ሲጫን ከራሱ ኮምፒውተር ውጪ ማንንም አያስገባም፣ ሰው ተበላሸ ብሎ ደጋግሞ ይጭነዋል፣ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ listener 1883 ብሎ ፓስወርድ ማስገባት ነው እንጂ። ኪፕአላይቩን (ሴንሰሩ ‹‹አለሁ›› የሚልበትን ጊዜ) 60 ሰከንድ ላይ ከተዋችሁት ሴንሰሩ ድንገት ቢሞት የምትሰሙት እስከ 90 ሰከንድ ዘግይታችሁ ነው፣ ወደ 5 አውርዱት። ብሮከሩን ኤስዲ ካርድ ላይ አትጫኑት፣ መብራት በሄደ ቁጥር ካርዱ አደጋ ላይ ነው። ባትሪው የሚይዝ አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ ዩፒኤስ አትግዙ።

ብር የሚበላው ግን ከሁለቱም በታች ያለችው ከዩኤስቢ ወደ አርኤስ485 (የፋብሪካ ማሽኖች የሚገናኙበት ረጅም ኬብል) የምትቀይረዋ ዕቃ ነች። አንድ ወዳጄ አዲስ አበባ ወርዶ ርካሿን በደርዘን ገዝቶ መጣ፣ ላይዋ ኤፍቲዲአይ (የታወቀ የቺፕ ኩባንያ) ይላል ውስጧ ኮፒ። (በፈረንጆች 2014 ኩባንያው ያወጣው የዊንዶውስ ድራይቨር የኮፒ ቺፖችን መታወቂያ ዜሮ እያደረገ ኮምፒውተር እንዳያውቃቸው አድርጎ ነበር፣ ያኔ ያለቀሰ ብዙ ነው።) የወዳጄን የጨረሳት ግን የክረምት መብረቅ ነው። አይሶሌሽን (ኬብሉን ከኮምፒውተሩ በኤሌክትሪክ የሚለይ) የላትም፣ በረጅሙ ኬብል የገባው ቺፑን አቃጥሎ የላፕቶፑን ዩኤስቢ ይዞት ሄደ፣ ያተረፋት ብር ለማዘርቦርድ ጥገና እንኳን አልበቃችም። አይሶሌትድ የሆነችውን ግዙ፣ ብትወደድም። ኬብሉ ጫፍና ጫፍ ላይ 120 ኦም ሬዚስተር አድርጉ፣ እሷ እንኳን ሳንቲም ነች።

ዲዲኤስ ተገቢ የሚሆነው ሮስ 2 የሚባለውን የሮቦት ሶፍትዌር ለምትነኩ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ነው፣ ሲጫን ይዞት ይመጣል። ለእናንተ ሳይክሎንን ነው የምመክረው፣ ብቻ ዶሜን አይዲውን (የግሩፓችሁን መለያ ቁጥር) ከዜሮ ቀይሩት፣ ካለዚያ እዛው ላብ ውስጥ የሌላውን ግሩፕ ሮቦት ትነዳላችሁ።