ገጠሩ ባዶ ሳይቀር ወይስ ከቀረ በኋላ?

አንድ ፖሊሲ ገጠሩን ሰው አልባ እንዳያደርገው የሚመዘንበት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከመጽደቁ በፊት «ገጠሩን እንዴት ይነካዋል?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ እንግሊዝ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ትሞክራለች። ሌላው ከተተገበረ በኋላ ውጤቱን መለካት።

የኋለኛው ግምት አይደለም። መራዊ አጠገብ ያለውን፣ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደውን የቆጋ መስኖ ውሰዱ፤ ውሃው ማሳው ደረሰ ወይ፣ ወጣቱስ እዚያው ቀረ ወይ ብሎ መቁጠር ይቻላል። ግን ዘጌ ላይ ቡና ይለቅም የነበረ ልጅ ባሕር ዳር ገብቶ፣ ቤት ተከራይቶ ባጃጅ መንዳት ከጀመረ በኋላ የትኛው ጥናት ይመልሰዋል?

የቀደመውም ጉድለት አለው፤ ቢሮ ተቀምጦ ቅጽ ሞልቶ ማለፍ ይመጣል። እኔ ግን እሱን እመርጣለሁ፤ በጀልባ ዘጌ ተሻግሮ "ይሄ ትምህርት ቤት ቢዘጋ ልጆቻችሁን የት ትልካላችሁ?" ብሎ እናቶችን የሚጠይቅ ሰው እስካለ ድረስ።