ምጣድ ሲሰካ ኮምፒውተር ለሚጠፋበት ቤት፦ የ650 ቪኤ ዩፒኤስ ግምገማ

የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። መስመሩ ቀጭን ከሆነ 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ 180 እና ከዚያ በታች ይወርዳል፤ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ፓወር ሰፕላዩ ደከም ያለ ኮምፒውተርም ይጠፋል። ለዚህ ችግር 650 ቪኤ (ቮልት አምፒር) ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩን ለደቂቃዎች በባትሪ የሚያቆይ ሣጥን፣ ጥሩ ዕቃ ነው። መብራት ሲጠፋ እያመሸ ሊሠራበት ለሚገዛው ግን የባከነ ገንዘብ ነው።

ካርቶኑ ላይ «ላይን ኢንተራክቲቭ» ወይም «ኤቪአር» የሚል ከሌለ ይቅርባችሁ። ኤቪአር ያለው፣ ቮልቴጅ ሲወርድ ባትሪውን ሳይነካ በትራንስፎርመር ያነሳዋል። ጠቅ የሚለው የሪሌው (የውስጥ ማብሪያ ማጥፊያው) ድምፅ ነው፣ ብልሽት አይደለም። የሌለው ግን ቮልቴጅ በወረደ ቁጥር ወደ ባትሪ እየዞረ ባትሪውን ቶሎ ይገድለዋል።

650 የሚለው ቁጥር ዋት አይደለም፤ አብዛኞቹ የሚችሉት ከ325 እስከ 390 ዋት ነው። ተራ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ 120 ዋት ቢወስድ፣ ባትሪው አዲስ ሲሆን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይይዛል። ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ከበቂ በላይ ነው። ራውተሩንም ጨምሩበት። ሌዘር ፕሪንተር ግን በፍጹም አይሰካበት፤ ማሞቂያው ሲነሳ ከዩፒኤሱ አቅም በላይ ይስባል።

ደካማ ጎኑ ባትሪው ነው፦ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር አወር፣ የታሸገ ሊድ አሲድ። ሳይሞላ መደርደሪያ ላይ ከከረመ ሳይሸጥ ይሞታል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ባለ 60 ዋት አምፖል ሰክታችሁ ዩፒኤሱን ከግድግዳ ንቀሉት፤ አምፖሉ ወዲያው ከጠፋ ሌላ አስመጡ። ቤት ስትደርሱ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ይደረግ።

ከ2 እስከ 4 ዓመት ውስጥ ባትሪው መቀየሩ አይቀርም። ነቅላችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ ብሎኖቹን ፈትታችሁ፣ ቀዩን ሽቦ ፕላስ፣ ጥቁሩን ማይነስ ላይ አስገቡ። ሲነካ ትንሽ ብልጭታ ቢታይ አትደንግጡ። የባትሪው ጆሮ (ሽቦው የሚሰካበት ብረት) ስፋት 4.8 ወይም 6.3 ሚሊሜትር ስለሚሆን አሮጌውን ይዞ መሄድ ይሻላል።

«የመኪና ባትሪ እንሰርበት» የሚላችሁን ባለሙያ ግን አትስሙ። ቻርጀሩ ትንሽ ስለሆነ አይሞላውም፤ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመርም ለደቂቃዎች እንጂ ለሰዓታት ስላልተሠራ ግሎ ይቃጠላል።