አሥራ ስድስት የገና ዱላ ለአንድ ለጋ ቡድን፦ የወይራ፣ የክትክታና የባሕር ዛፍ ዱላ ሲመዘን

ደሴ ገበያ ላይ የገና ዱላ የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ እንጨቱ ወይራ መሆኑንና መወልወሉን። ሁለቱም ስለ ዱላው ብዙ አይናገሩም። ለበዓል አንድ ከሰዓት በኋላ ለሚጫወት ጎልማሳ የትኛውም ቆልማማ ይበቃዋል። ነባሮቹ ለቀውበት በ15 እና በ16 ዓመት ልጆች እንደገና ለሚዋቀር ቡድን ግን ዱላው ግማሽ አሠልጣኝ ነው። ከከበደ ልጁን ያዘገየዋል፤ ከተሰነጠቀ ልጁ መምታት ይፈራል፤ ከረዘመ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ይመታበታል።

እዚህ የሚመዘኑት ከጥቅምት እስከ ጥር አጋማሽ በሳምንት 3 ቀን ልምምድ ላይ የዋሉ 16 ዱላዎች ናቸው፦ 8 ወይራ፣ 5 ክትክታ፣ 3 ባሕር ዛፍ። ወይራዎቹና ባሕር ዛፎቹ ተሠርተው ያለቁ፣ ከገበያ የተገዙ ናቸው። ክትክታዎቹ በትዕዛዝ ተሠርተዋል። በጥር አጋማሽ ለጨዋታ የቀሩት 11 ናቸው። የወደቁት 5 ዱላዎች ለምን እንደወደቁ ማወቅ ከየትኛውም ምክር ይበልጣል።

ከሁሉ በፊት ቆልማማው፣ የጎበጠው የዱላው ጫፍ። የገና ዱላ የሚሰበረው አንገቱ ላይ ነው፤ እጀታው መጎንበስ የሚጀምርበት ቦታ ላይ። እዚያ ጋ አውራ ጣትን በውሃ አርሶ ማሸት ነው። እንጨቱ ሲረጥብ የጅማቱ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። መስመሩ ከእጀታው ወርዶ ከቆልማማው ጋር አብሮ ከታጠፈ ዱላው ቅርንጫፍ ከግንድ ከሚገናኝበት ወይም ከሥር የተቆረጠ ነው፤ ወይም በርጥቡ ታጥፏል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወርዶ አንገቱ ላይ ወደ ውጭ ከወጣ ግን ከጣውላ በመጋዝ የተቀረጸ ነው። እንዲህ ያለው ዱላ የፈለገውን ያህል ጠንካራ እንጨት ይሁን፣ አንገቱ ላይ ያለው ጅማት አጭር ስለሆነ እንደ ብስኩት ይቆረሳል። ከስምንቱ ወይራዎች ሁለቱ እንዲህ ነበሩ፤ በቀለምና በዘይት ስለተወለወሉ መስመሩ አልታየም። ሁለቱም የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ ከአንገታቸው ሄዱ። ስለዚህ ቀለም የተቀባ ዱላ ባይገዙ ይሻላል። ሻጩ ቀለሙን ፍቆ ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው።

በርጥቡ የሚታጠፈው ሌላ ችግር አለበት። ጠራቢው ለጋውን እንጨት ረመጥ ውስጥ አሙቆ ያጎብጠዋል፤ ከዚያ ጫፉን ከእጀታው ጋር በገመድ ወጥሮ ያስረዋል። ገመዱ ቢያንስ 5 ወይም 6 ሳምንት መቆየት አለበት። የበዓል ገበያ ደርሶበት በሁለት ሳምንት የፈታው እንደሆነ ቆልማማው ቀስ በቀስ ይከፈታል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ዱላውን ሊሾ ወለል ላይ አጋድሞ ዙሪያውን በጠመኔ መሣል፣ ከሳምንት በኋላ እዚያው ሥዕል ላይ መልሶ ማጋደም። ጫፉ ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል ከወጣ ተመልሶ ይታሠር። ከክትክታዎቹ አንዱ እንዲህ ተከፍቶ በድጋሚ ሞቆ ታስሯል፤ አሁን ደህና ነው።

ወደ እንጨቱ ስንመጣ፣ የወይራ ዝና በከንቱ አይደለም። ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ምት ይችላል፤ ፊቱ አይቦረቦርም። ጥፋቱ ክብደቱ ነው። ከገበያ የመጡት ወይራዎች እጀታቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወፍራል፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ ከ700 ግራም በታች የሆነ አልተገኘም። ለማነጻጸር ያህል፣ በዓለም አቀፉ የሜዳ ሆኪ ደንብ ለአዋቂ ተጫዋች የሚፈቀደው የዱላ ክብደት ጣሪያው 737 ግራም ነው። እኛ ያንን ጣሪያ ለ15 ዓመት ልጅ እናስጨብጣለን። መፍትሔው መጣል ሳይሆን ማቅጠን ነው፤ ከመያዣው ጀምሮ እስከ ዱላው አጋማሽ በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ስባሪ፣ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት። አንገቱና ቆልማማው ላይ ግን አንድም ጭረት አይነካም። እጀታው ወደ 2.6 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ 100 ግራም ገደማ ይቀንሳል፤ ልጁ ልዩነቱን በመጀመሪያው ምት ያውቀዋል።

ክትክታ በዚህ ግምገማ የተሻለው ሆኖ ወጥቷል፤ አምስቱም ቆመዋል። እንጨቱ ራሱ ከወይራ አይቀልም። ግን ክትክታ ቁጥቋጦ ነው፤ ዱላው የሚወጣው ከቀጭን ግንድ ስለሆነ ሲጀመርም ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ብዙ አያልፍም፤ የሚጠረብ ትርፍ የለውም። ጅማቱም ከላይ እስከ ታች ሳይቆረጥ ይቀራል። ገበሬው ለመጥረቢያና ለዶማ እጀታ የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጉድለቱ፣ በተፈጥሮ የጎበጠ ክትክታ በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ ማጠፍ ግድ ይላል፤ ማጠፍ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በጥሩ ጠራቢ እጅ ካልሆነ አይመከርም።

ባሕር ዛፍ በደሴ ዙሪያ ከየትም ይገኛል፤ ርካሽ ነው፤ ይህ ብቻ ነው ጥቅሙ። ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ ከጫፉ ተነሥቶ ወደ ላይ ይሰነጠቃል። ከሦስቱ አንዱ ተርፏል።

ከወደቁት ወይራዎች ሦስተኛውን የገደለው ግን ጨዋታ አይደለም፣ መንገድ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ 1850 ሜትር ገደማ ላይ። በደሴ ብርድ ለወራት የከረመ፣ ውስጡ ገና እርጥብ የሆነ ዱላ ኮምቦልቻ ወርዶ ግማሽ ቀን ሚኒባስ ጣራ ላይ ፀሐይ ሲመታው ውጭው ከውስጡ ቀድሞ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ባቲ ድረስ ለሚወርድ ቡድን ደግሞ ይብስበታል። ዱላ ሲጓዝ በጆንያ ተጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ይግባ። አዲስ ከሆነም ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ ሰም መድፈን ይጠቅማል፤ እንጨት ከጎኑ ይልቅ ከጫፉ ፈጥኖ ስለሚደርቅ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለገላው የተልባ ወይም የኑግ ዘይት በስሱ ይቀባል፤ ይደርቃልና። ቅቤ ግን አይደርቅም፤ አቧራ ይይዛል፣ አይጥም ይጠራል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ አይጣል፤ በተለይ የተልባው በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ዘርግቶ ማድረቅ ነው።

ትንሽ ስንጥቅ ያለበት ዱላ ይድናል። ርጥብ ጠፍር ጥብቅ አድርጎ ጠምጥሞ በጥላ ማድረቅ ነው፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከሽቦ ይልቅ ይጨብጣል። ሽቦ ላልቶ ጫፉ ሲወጣ የሰው ቅልጥም ይቧጭራል፤ ልምምድ ላይ ሊከለከል የሚገባው ነገር ነው። ለመያዣው ከአሮጌ ካላማዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ አውጥቶ ከታች ወደ ላይ መጠምጠም ከሁሉ ይሻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ውርጭ እጅ ሲያደነዝዝ፣ ባዶ የተወለወለ ወይራ ከጣት ያመልጣል። ርዝመቱን በተመለከተ ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዱላው ከጎኑ ሲቆም የዳሌውን አጥንት ይንካ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ50 ለሆነ ልጅ 86 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ 1 ሜትር ከ65 ለሆነ 91 ያህል ይሆናል። “ያድግበታል” ብሎ ትልቅ መግዛት ለጫማ እንኳ አይሠራም፤ ለዱላማ ጭራሽ።

ሩሩ፣ የገናው ኳስ፣ ከዱላው በላይ ይረሳል። የሆኪ ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም ይመዝናል፤ ዙሪያው ከ22.4 እስከ 23.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያው መጠን ከወይራ የተጠረበ ሩር ወደ 200 ግራም ይጠጋል። ለልጆች ከሆነ የወይራው ሩር ከጫፍ እስከ ጫፍ 6.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ያኔ ክብደቱ ከሆኪው ኳስ ጋር ይቀራረባል። የዋንዛ ሩር ቀላል ነው፤ ግን ለስላሳ ስለሆነ በሳምንት ውስጥ ጠርዝ ያወጣና መንገዱን ይስታል። ክብነቱን ለማወቅ ሊሾ ላይ ቀስ አድርጎ ማንከባለል ነው፤ በተለያየ አቅጣጫ ሲንከባለል ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎኑ ከዞረ ያ ጎን ይከብዳል፣ ይላጭ። ከቆዳ የተጠቀለለው ለልምምድ መልካም ነው፤ ጤዛ ያለበት ሣር ላይ ግን ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ እንቁላል ይመስላል። “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” ሲባል ጌታው ባይቆጣም ቅልጥም ይሰበራል። በእንጨት ሩር ያለ ቅልጥም መከላከያ ማሠልጠን ድፍረት አይደለም።

አሁን ወደ ቡድኑ። ውጤት ብቻ ለሚቆጥር ደጋፊ ምንም አልተለወጠም፤ ልጆቹ አሁንም ይሸነፋሉ። ከዳር ሆኖ “ነባሮቹን ለበዓሉ መልሷቸው” የሚለው ድምፅም አልቀነሰም። ዱላዎቹን በየወሩ አገላብጦ ያየ ግን ሌላ ነገር ያነባል።

በጥቅምት ጠባሳው ሁሉ ከቆልማማው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነበር፤ ግራና ቀኝ፣ እርስ በርሱ የተቆራረጠ። ይህ ዱላ ለዱላ የመግጠም ምልክት ነው። ልጁ የሚሄደው ወደ ሩሩ ሳይሆን ወደ ተጋጣሚው ዱላ ነው፤ ሁሉም እንደ ንብ አንድ ቦታ ይሰፍራል፣ ሜዳው ባዶ ይቀራል። ከኅዳር መጨረሻ ወዲህ አዲስ ጠባሳ እዚያ ቦታ ላይ ቀነሰ። በምትኩ የቆልማማው ሆድ መብረቅ ጀመረ። ሩር በሆዱ ተቀብሎ አቁሞ የሚልክ ዱላ ብቻ ነው እንዲህ የሚያበራው። ሜዳ ላይም የሚታየው ይኸው ነው፤ ዳር ያለው ልጅ ዳሩን ይዞ ይጠብቃል፤ ሩሩም ይደርሰዋል። በሦስት ወር ለዚህ የደረሰ ቡድን ዘገየ አይባልም።

የቀረውም እዚያው ተጽፏል። የኋላ ልጆች ዱላ ታችኛው ተረከዝ ጠፍጥፎ ተላጭቷል፤ ዱላቸውን መሬት ላይ አድርገው ስለሚጠብቁ ነው፣ ትክክል ነው። ፊት የሚሰለፉት የሁለቱ ልጆች ተረከዝ ግን እንደ አዲስ ንጹሕ ነው። ሩሩ ከእነርሱ ሲርቅ ዱላውን ትከሻቸው ላይ ይጭናሉ፤ ሲመለስ ዱላው እስኪወርድ ሩሩ ከሥሩ ያልፋል። ሁለተኛው፣ ከዱላዎቹ አብዛኞቹ ሆዳቸው የተላጨው በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ ሩሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይልካሉ ማለት ነው። የነቃ ተጋጣሚ ያንን ጎን ዘግቶ ሌላውን ይተውላቸዋል። ለዚህ ሁለት ልጅ 8 ሜትር ተራርቆ ቆሞ ሩሩን በደካማው ጎን ብቻ መቀባበል፣ ለእያንዳንዱ ልምምድ 10 ደቂቃ፤ ሌላ ጥበብ አያስፈልገውም።

ሽንፈቱም መልኩ ተለውጧል። ቀድሞ ጨዋታው ገና ሲጀመር ያልቅባቸው ነበር፤ አሁን የሚሸነፉት መጨረሻው ላይ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ ቢታይ ያልቀጠነ ወይራ የያዙት ናቸው፤ የእጃቸው አንጓ ደክሞ ዱላው ከመሬት ሳይነሣ ይጎተታል። ይህ የልብ ጉድለት ሳይሆን የ100 ግራም ጉዳይ ነው። ነባሮቹን ለአንድ ቀን መልሶ ማሰለፍ ይህን አይፈታም፤ ያ ቀን ካለፈ በኋላ ከባዱ ዱላ ለዚያው ልጅ ይመለሳል።

ለሚቀጥለው ዓመት የሚሻለው ግዢ 12 ክትክታ በትዕዛዝና 4 የቀጠነ ወይራ ለኋላ ልጆች ነው፤ ኋላ ላይ ክብደት ያን ያህል አይጎዳም። ትዕዛዙ ታኅሣሥን አይጠብቅ። እንጨቱ አሁን በበጋው ይቆረጥ፤ ጫፉ በሰም ተደፍኖ ክረምቱን ዝናብ በማይደርስበትና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይክረም፤ ለጥቅምት ይደርሳል። ጠራቢው ሲታዘዝ የልጆቹን የዳሌ ቁመት በሲባጎ ለክቶ፣ ቋጠሮ አድርጎ መስጠት ይቻላል፤ በሴንቲ ሜትር ከመንገር ይልቅ እርሱ የሚሠራው በሲባጎው ነው።