ያገለገለ ካኖን 6ዲ ከሦስት ሌንስ ጋር፦ ከዓመት በላይ ከያዝኩት በኋላ

ካኖን 6ዲ የወጣው በ2012 ነው፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፤ ካሜራና ሌንስ የወጣበትን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። በዚህ ዘመን ስለ እሱ ግምገማ መጻፍ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ግን እኔ ከፎቶ ሳንቲም አላገኝም። ሰርግ አላነሳም፣ ስቱዲዮም የለኝም። ቅዳሜና እሁድ ካሜራ አንግቼ እወጣለሁ፣ ቤት ውስጥ ቤተሰብ አነሳለሁ፣ በዓል ሲመጣ ደግሞ እረፍት የለኝም። እንደኔ ዓይነቱ ሰው አዲስ አበባ ላይ አዲስ ፉል ፍሬም፣ ማለትም ባለ ትልቅ ሴንሰር፣ ካሜራ ልግዛ ቢል፣ በተለይ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ፣ ዋጋውን ሰምቶ ዝም ነው የሚለው። ያገለገለ ዕቃ ግን አለ። ሰርግ የሚያነሱ ልጆች ወደ ሚረርለስ፣ ውስጡ መስታወት ወደሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ፣ እየዞሩ ስለሆነ የድሮ ካኖኖቻቸውን ይሸጣሉ። የኔም የመጣው ከእንደዚህ ዓይነት እጅ ነው።

ለምን ይሄኛው? የመረጥኩት በአንድ ነገር ነው፦ በጨለማ።

የማነሳቸውን ነገሮች ሳስብ አብዛኞቹ ብርሃን የላቸውም። ማታ ሳሎን ውስጥ በአንድ አምፖል ሥር የሚፈላ ቡና። ሌሊት ማኅሌት የተቆመበት ቤተ ክርስቲያን። ዝናብ ያጠቆረው የሐምሌ ከሰዓት። እነዚህ ቦታዎች ላይ ፍላሽ አይሆንም፤ ማኅሌት ላይማ ነውር ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፣ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የካኖን ትንሹ ሴንሰር፣ ኤፒኤስሲ የሚባለው፣ 22 በ15 ገደማ ነው። በስፋት ሲሰላ ትልቁ ከትንሹ ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። በአንድ ዓይነት አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) የሚሰበስበው ብርሃንም በዚያው ልክ ይበዛል። የሜጋፒክስሉ ነገር አላስጨነቀኝም፤ 20.2 ነው፣ ይበቃል።

አይኤስኦ ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን ነው፤ በተግባር 3200 ላይ ሳልሳቀቅ አነሳለሁ። 6400 ላይ ኖይዝ፣ ፎቶው ላይ የሚታይ ነጠብጣብ፣ አለ፣ ግን ደቃቅ ነው፤ ኤ4 ላይ ሲታተም ዓይን አይወጋም። ከዚያ በላይ ለማስታወሻ ካልሆነ አልሄድም። ድምፅ የሚቀንስ የሹተር አማራጭም አለው። ጨርሶ ዝም አይልም፣ ግን ያ የድሮ ካሜራ "ቷ!" የሚል ድምፅ የለም። ቅዳሴ ላይ ሰው ዞሮ አያየኝም።

ፎከሱ ግን ዕድሜው የሚታወቅበት ቦታ ነው። ያሉት ነጥቦች 11 ብቻ ናቸው። ከ11ዱም የመስቀል ቅርጽ ያላት፣ በቁምም በአግድምም የምትለካው፣ የመሃሏ ብቻ ናት። ይቺ የመሃል ነጥብ ግን ጉደኛ ናት። በብርሃን መለኪያው እስከ ኔጋቲቭ 3 ኢቪ ድረስ ትሠራለች፤ በጨረቃ ብርሃን እንደማለት ነው። በሻማ የበራ ፊት ላይ ትይዛለች። የዳር ነጥቦቹ በዚያው ብርሃን ወዲያና ወዲህ ሲሉ ይቆያሉ። ስለዚህ እኔ የዳሮቹን ረስቻቸዋለሁ። በመሃሏ ዓይን ላይ ፎከስ አደርግና ካሜራውን ትንሽ ዞር አድርጌ አነሳለሁ። ከኋላ ያለውን የኤኤፍ ኦን ቁልፍ ለፎከስ ብቻ ለይታችሁ ከተጠቀማችሁ ይሄ ሥራ በጣም ይቀላል።

ችግሩ ቀረብ ብዬ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 1.8 (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ አፐርቸሩ ይሰፋል) ሳነሳ ነው። በዚህ ርቀት ጥርት የሚለው ቦታ ቀጭን ነው፣ ካሜራውን ያዞርኩባት ትንሽ ማዕዘን ፎከሱን ከዓይን ወደ ጆሮ ትወስደዋለች። የሚሮጥ ልጅ ከሆነማ ተዉት። የእህቴ ልጅ ግቢ ውስጥ ኳስ ሲያባርር ከማነሳቸው ብዙዎቹ ይጣላሉ። ሶኒ ኤ6400 ባለ ትንሽ ሴንሰር ነው፣ ግን ዓይን ፈልጎ ይዞ ይከተላል፤ በዚህ ጉዳይ 6ዲ አጠገቡ አይደርስም። ዋና ሥራችሁ ልጆችና ስፖርት ከሆነ እዚህ ላይ ማንበብ አቁሙና ሌላ ፈልጉ።

አሁን ወደ ነጭ ልብስ። የውጭ ግምገማዎች ላይ ብዙም የማላየው ነገር ነው፣ እኛ ግን በየበዓሉ የሚገጥመን።

የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። ጥር 11 ጃንሜዳ ላይ ፍሬሙን የሚሞላው ግን ነጠላና ጋቢ ነው። ካሜራው ብርሃኑ በዝቷል ብሎ ይቀንሳል። ውጤቱ የቆሸሸ የሚመስል ነጠላና የጠቆረ ፊት ነው። ጠይም ወይም ጠቆር ያለ ፊት ከሆነ ዓይንና ቅንድቡ ሳይለይ ይቀራል። ስልክ ይሄንን ፊት ለይቶ ራሱ ያስተካክለዋል። 6ዲ ግን እንዲያ አያስብላችሁም።

እኔ ከጀርባው ያለውን ትልቁን ጎማ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ የሚያደርግ አንድ እርምጃ፣ ወደ ፕላስ አዞራለሁ። ፍሬሙ ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ አንድ ተኩል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ከልክ በላይ የነጣ ቦታ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለውን ማስጠንቀቂያ አያለሁ። የነጠላው ጥቂት ቦታ ብልጭ ቢል አይገደኝም፣ የጥበቡ ቀለም ከጠፋ ግን ትንሽ እመለሳለሁ። ከፊት መጀመር ነው፤ ልብሱ ቀጥሎ ነው። ተቃራኒውም አለ። ጨለማ በር ላይ ጥቁር ካባ ለብሰው የተቀመጡ አባት ስታነሱ ካሜራው ብርሃን ይጨምርና ፊታቸውን ያነጣዋል። ያኔ ጎማው ወደ ማይነስ ነው።

"ራው (ካሜራው ያላቀነባበረውን ጥሬ ፋይል) አነሳለሁ፣ ኮምፒውተር ላይ አስተካክለዋለሁ" የምትሉ አላችሁ። በዚህ ካሜራ ያን ያህል አያዋጣም። በዝቅተኛ አይኤስኦ የተነሳ ፎቶ ላይ ጥላውን ሁለት ሦስት ስቶፕ ብሩህ ስታደርጉት ኖይዙ ይመጣል፣ አንዳንዴ መስመር መስመር እየሠራ። በ2014 የወጣው ኒኮን ዲ750 በዚህ በኩል በግልጽ ይበልጠዋል። ዲ750ን ያልገዛሁት ጓደኞቼ በሙሉ ካኖን ስለያዙ ነው። ሌንስ እንዋዋሳለን። በሀገራችን ይሄ ከማንኛውም የቴክኒክ ቁጥር በላይ ነው፤ ሌንስ የሚያከራይም የሚጠግንም በብዛት የምታገኙት ለካኖን ነው።

ሌላው የፀሐያችን ነገር ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ብርሃን ከአናት የሚወርድ ነው፤ የዓይን ጉድጓድ በሙሉ ጥቁር ይሆናል። እሱስ ይሁን፣ ጥላ ሥር ማንሳት ይቻላል። የ6ዲ ልዩ ጣጣ ሹተሩ ከ1/4000 ሰከንድ በላይ አለመሄዱ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100፣ ኤፍ 16 ላይ 1/100 ገደማ ትጠቀማላችሁ። አፐርቸሩን እየከፈታችሁ ስትሄዱ ኤፍ 2.8 ላይ 1/3200 ይደርሳል። ኤፍ 1.8 ላይ ካሜራው የሌለው ፍጥነት ይፈልጋል፣ ፎቶውም ይነጣል። ስለዚህ "1.8 ሌንስ ገዛሁ፣ ጀርባው ይደበዝዝልኛል" ብላችሁ እኩለ ቀን ላይ ከወጣችሁ አይሆንም። ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር መግጠም አለባችሁ፣ ወይም 11 ሰዓት መጠበቅ። እኔ 11 ሰዓትን እመርጣለሁ፣ በነፃ ነው።

ወደ ሌንሶቹ። ካሜራው የመጣው ከ24-105 ኤፍ 4 ኤል ዙም ጋር ነበር። ጥሩ ሌንስ ነው፣ ሁሉን ይሸፍናል። ግን 670 ግራም ነው። የካሜራው 770 ሲጨመር ኪሎ ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረው። ኤፍ 4 ደግሞ ለእኔ ጨለማ አይበቃም። የእጅ መንቀጥቀጥ የሚቀንሰው ማረጋጊያው የቆመ ግንብ ለማንሳት ይረዳል፣ ቡና የሚቀዳ እጅ ግን አያስቆምም። ሸጬ በገንዘቡ 85 ኤፍ 1.8 ገዛሁ፣ የተረፈችው 40 ኤፍ 2.8 ላይ ዋለች። 50 ኤፍ 1.8 ቀድሞም ነበረኝ።

85ቱ በ1992 የወጣ ሌንስ ነው። አሁንም ፎከሱ ፈጣን ነው፣ ፊት ላይ የሚሰጠው መልክ ደስ ይላል። ኤፍ 1.8 ላይ ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት ጠርዝ ሐምራዊ መስመር ያወጣል። ነጭ ነጠላ ከኋላ ፀሐይ ሲመታው ሐምራዊው በደንብ ይታያል፤ ኤፍ 2.8 ላይ አብዛኛው ይጠፋል። ከ85 ሳንቲ ሜትር በታች አይጠጋም፣ ስለዚህ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፋችሁ ታነሳላችሁ።

50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ለማንኛውም ካኖን ገዢ የምለው የመጀመሪያ ሌንስ ነው። ርካሽ ነው፣ 160 ግራም ነው። በኤፍ 1.8 ዳሮቹ ይጨልማሉ፣ 2.2 ላይ ይሻሻላል። ሌላ የምለው የለኝም።

40ዋ ግን ሌላ ታሪክ ናት። 130 ግራም፣ ውፍረቷ ከሁለት ጣት አይበልጥም። ኤፍ 2.8 መሆኗን አይቼ ለጨለማ አትሆንም ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ግን ካሜራው ላይ ተገጥማ የምትውለው እሷ ናት። ምክንያቱ ጥራት አይደለም፣ ጥራቷ ጥሩ ቢሆንም። ምክንያቱ መንገድ ነው። ትልቅ ሌንስ ይዛችሁ ፒያሳ ዙሪያ የቀሩ የድሮ ቤቶችን ስታነሱ ጥበቃ ይመጣል። "ወንድሜ፣ ፈቃድ አለህ?" ጋዜጠኛ ነህ ወይ ይባላል፤ ለማን ነው የምታነሳው ይባላል። አንዳንዱ በጨዋ ደንብ ነው የሚጠይቀው፣ አንዳንዱ ያነሳኸውን አጥፋ ይላል። በ40ዋ ይሄ ጨርሶ አልቀረም፣ ግን በጣም ቀንሷል። ሰውም አይደነግጥም። መርካቶ ውስጥ ጠይቄ ሳነሳ ትንሿን ሌንስ አይቶ "እቺ ናት እንዴ?" ብሎ የሳቀ ነጋዴ አለ፤ ያ ሳቅ ነው ፎቶው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ባትሪው ግሩም ነው። በካኖን መለኪያ በቪውፋይንደር (ዓይን ተጠግቶ በሚያይበት መስኮት) ብቻ ከተጠቀማችሁ እስከ 1,090 ፎቶ ይባልለታል፣ መብራት ጠፍቶ ባደረበት ሰፈርም አያሳስብም። ግን ጂፒኤሱን አጥፉት። ካሜራው ጠፍቶም ሳተላይት እየፈለገ ባትሪ ይበላል። ዋይፋይ አለው፣ ወደ ስልክ ለመላክ ይበቃል፤ ቪዲዮ ለማንሳት ሲፈለግ ግን መዘጋት አለበት። የሜሞሪ ቦታው አንድ ነው። አብሮት የተሠራ ፍላሽ የለውም። ስክሪኑ አይታጠፍም፣ በንክኪም አይሠራም። ቪዲዮው ፉል ኤችዲ ነው፣ ፎከስ አይከተልም። ቲክቶክና ዩቲዩብ ለሚሠራ ሰው ይሄ ካሜራ አይደለም።

ለመግዛት የምትሄዱ ከሆነ ቀን ላይ ሂዱ፣ ላፕቶፕ ያዙ። የካኖን ሹተር ስንት ጊዜ እንደተጫነ ፎቶው ውስጥ አይጻፍም፤ በኬብል አገናኝቶ የሚያነብ ፕሮግራም ያስፈልጋል። የ6ዲ ሹተር የተለካው 100,000 ጊዜ ለመጫን ነው። ከሰርግ አንሺ እጅ ሲመጣ ከዚያ ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ይሠራል፣ ዋጋው ግን መውረድ አለበት። ኤፍ 16 ላይ ሰማይ አንሱና አጉልታችሁ እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ጭረት ግን አይጸዳም። ሌንሱን በስልክ መብራት በሁለቱም ጫፍ እዩት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ፈንገስ ነው፣ ሻጩ "አቧራ ነው" ቢላችሁም ተዉት። ፎከሱ ከዓይን ፊት ወይም ኋላ የሚያርፍ ከሆነ ወዲያው አትፍሩ፤ 6ዲ ለእያንዳንዱ ሌንስ ለየብቻ ማስተካከያ አለው። የኔ 85 በዚህ ነው የተስተካከለው።

አሁን ዓይኔ ያለው ካኖን አርፒ ላይ ነው። በ2019 የወጣ፣ ባትሪና ካርዱ ገብቶ 485 ግራም የሚመዝን ፉል ፍሬም ሚረርለስ ነው፤ ዓይን ይከተላል። ያገለገለው እዚህ ገበያ ላይ እየመጣ ነው፣ ዋጋው ገና አልወረደም። ባትሪው ትንሽ መሆኑ ያሳስበኛል። ሲወርድ ከገዛሁት ሦስቱም ሌንሶች በአዳፕተር ይገጠሙበታል፣ የሚሸጠው ቦዲው ብቻ ነው። እስከዚያው ጥምቀትን በ6ዲ ነው የማነሳው።